የሻይ ግብር

ሬሳው የተገኘው ውኃ በጠፋበት ጠዋት ነው። ናኩሩ ከተማ ላይ ውኃ ጠፋ ማለት ወሬ አይደለም። ስለዚህ በጃካራንዳ ሕንፃ ከሚኖሩት ሃያ አራት ቤተሰቦች መካከል ምድር ቤት ወርዶ የፓምፑን ክፍል ልየው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ ግን የአራተኛ ፎቋ ነርስ ከአዳር ተመልሳ ገላዋን ልትታጠብ ብትል ቧንቧው ተነፈሰባት። ባልዲ ይዛ ወረደች። የፓምፑ ክፍል ገርበብ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕንፃው የሰማው የባልዲውን ኳኳታ ነው፤ ጩኸቷ ቆይቶ መጣ።

ኢንስፔክተር ሙቲንዳ ሲደርስ ለአራት ሰዓት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሰው ነው። ደረጃ ሲያይ ጉልበቱ ቀድሞ ያዝናል። አሥራ አራቷን ደረጃ ቆጥሮ ወረደ።

"ቀለበቱ በጣቱ፣ ገንዘቡም በኪሱ ነው፤" አለች ሳጅን ቼሮኖ። "ሌባ አይደለም።"

"ማነው?"

"ዌኩሎ ይባላል። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ያልገባበት ሕንፃ የለም። ማንም አልቀጠረውም፣ ለራሱ ነው የሚሠራው። በገዛ መፍቻው ነው የተመታው፤ ከኋላ፣ አንድ ጊዜ።"

ሙቲንዳ እያቃሰተ ተንበረከከ። የሟቹ እጆች ንጹሕ ነበሩ፤ ሥራ አልጀመረም። ክፍሉን የሞላው ሽታ ግን የሬሳ አልነበረም። የተቃጠለ ላስቲክና ሽቦ ነበር። ፓምፑ ጥቁር ብሏል።

"ይሄ መቼ ነደደ?"

"ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲጮህ ሰምተውታል፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል። ውኃ መጣ ብለው ባልዲ ደረደሩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሐኪሙም የሞተው ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ነው ይላል።"

የሙቲንዳ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። አላየውም።

"የተያዘ ሰው አለ አሉኝ።"

"የሕንፃው ጥበቃ ነው፣ ኤካል። ትናንት ጠዋት ዌኩሎን ግቢው መሃል በኮሌታው አንቆ 'ሳታጠፋኝ አጠፋሃለሁ' ሲለው ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። የዚህ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው እሱና የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋ ብቻ ነው። የጣቢያው አዛዥ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቅረብ ብለዋል።"

"ፈጠኑ።"

"ሚስቱ ከሦስት ልጆች ጋር በሩ አጠገብ ባለችው የጥበቃ ክፍል ነው የምትኖረው። እሱ ከተከሰሰ ክፍሏ ለሚቀጥለው ጥበቃ ትሰጣለች።" ቼሮኖ ማስታወሻዋን ዘጋች። "ግብርዎን አሳወቁ ወይ አለቃ? ዛሬ እኮ ጁን ሠላሳ፣ የመጨረሻው ቀን ነው።"

"ሰጥቻለሁ፤" አለ ሙቲንዳ፤ ግድግዳውን ተደግፎ እየተነሣ።

*

ኤካል የቱርካና ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን። የጣቢያው አግዳሚ ስላጠረው ጉልበቶቹ ደረቱ ጋ ደርሰዋል።

"አንቀኸዋል?"

"አንቄዋለሁ።"

"አጠፋሃለሁ ብለኸዋል?"

"ብያለሁ። ከዚያ ይቅርታ ጠይቄው ሻይ ጠጥተናል። ሻይ ስንጠጣ ግን ማንም መስኮት አልከፈተም፤ መስኮት የሚከፈተው ለጠብ ነው።"

"ጠቡ በምን ነበር?"

ኤካል ስልኩን እንዲሰጡት ጠየቀ። ከግብር ቢሮ የመጣ መልእክት ነበር፤ በስምህ አሥራ ስምንት ሺህ ሺሊንግ ኮሚሽን ተከፍሎሃል፣ አምስት በመቶው ዘጠኝ መቶ ሺሊንግ ተቀንሶ ገቢ ሆኗል ይላል።

"ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሲመጣ ወደ ዌኩሎ እልካለሁ፤ እሱም የሻይ ይሰጠኛል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሰጠኝ ተጠራቅሞ ነው። ሰው ሲያነብልኝ እኔ መንግሥት ስሜን አወቀ ብዬ ደነገጥሁ። ከሥራ እባረራለሁ፣ ያልበላሁትን ክፈል እባላለሁ ብዬ። እሱ ግን 'ዘጠኝ መቶውን ከኪሴ ከፍዬልሃለሁ፣ አንተ ምንም የለብህም' አለኝ።"

"ታዲያ ፓምፑን ለምን አስነሣህ?"

ኤካል ቀና አለ። "የትኛውን ፓምፕ?"

"የምድር ቤቱን። ተቃጥሏል።"

"ተቃጥሏል?" ሰውየው ከመታሰሩ ይልቅ ይሄ የባሰበት መሰለ። "የትኛው ደንቆሮ ነው ያስነሣው? የመምጠጫው ቫልቭ እኮ የለም! ዌኩሎና እኔ ከትናንት ወዲያ ፈትተነዋል፤ እኔ ክፍል በጆንያ ተጠቅልሎ አለ። ደረቅ ፓምፕ ማስነሣት ማለት ባዶ ድስት እሳት ላይ መጣድ ነው። ልጄም አያደርገውም፤ ልጄ አራት ዓመቱ ነው።"

ቼሮኖ ሄዳ አየች። ቫልቩ በጆንያ ተጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ተገኘ።

አዛዡ ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ሙቲንዳ፣ ፓምፕ ምስክር ሆኖ አይቆምም። እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ካመጣህልኝ ጥሩ፤ ካላመጣህ ረጅሙ ሰውዬ ይበቃኛል።"

*

የሟቹ ሚስት ናሊያካ አላለቀሰችም፤ ወይም ማልቀሷን ጨርሳ ነበር። ጎረቤት ያመጣላት የበቆሎ ገንፎ፣ ኡጋሊው፣ ከፊቷ እንደተቀመጠ ደርቋል።

"የሲሚዩ እናት፣" አለ ሙቲንዳ በልጇ ስም ጠርቶ፣ "ባልሽ ሰው ያስቀይም ነበር?"

"ባለፈው ወር ሁሉንም አስቀይሟል። ለሃያ ዓመት ግን ማንንም አላስቀየመም።"

"ምን አድርጎ?"

"ሻይ አስመዝግቦ።" ከጠረጴዛው ሥር ጠርዙ የተላላጠ ደብተር አወጣች። "ለራሱ የሚሠራ ሰው ሥራ የሚያገኘው ከሚጠቁመው ሰው ነው፤ ለጠቆመው ደግሞ ይከፍላል። እናንተም ታውቁታላችሁ። አምና ግብር ሲያሳውቅ ለጠቋሚ የከፈለውን ማስረጃ የለህም ብለው በሙሉ ትርፉ ላይ ጫኑበት። 'ሌላውን አጎረስሁ፣ እኔ ጠገብህ ተባልሁ' ይል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ።"

"ዘንድሮስ?"

"ዘንድሮ ሄዶ ጠየቀ። የተቀባዩን ስምና የግብር ቁጥር ካስገባህ፣ አምስት በመቶውንም ቆርጠህ በስሙ ከላክህ፣ የከፈልኸው እንደ ሥራ ወጪ ይያዝልሃል አሉት። ሻዩን ድሮ በሙሉ ሰጥቷል፤ ምኑን ይቆርጣል? ከኪሱ ከፈለ። የፍሳሽ መክፈቻ ማሽን ሊገዛ ነበር። ባንኩ ከግብር ዕዳ ነፃ የሚል ወረቀት አምጣ ብሎታል።" ደብተሩን ገለጠችለት። "ሰው እንዳይቀየመው ስም አይጽፍም። ቅጽል ስም ነው የሚጽፈው።"

በመጨረሻው ገጽ ሦስት መስመር ብቻ ነበር።

በር፦ 18,000።
ሚስማር፦ 60,000።
ላይኛው፦ 412,000።

"በሩ ኤካል ነው፤" አለች። "ሚስማር ከገበያው ጎን የሕንፃ ዕቃ የምትሸጠዋ ዋሩጉሩ ናት። ላይኛውን አልነገረኝም። 'ስሙን ካወቅሽ ሰላምታ ይከብድሻል' ነው ያለኝ።"

"የሚያሳውቀው የት ነው?"

"ሁልጊዜ ኦቹካ ኢንተርኔት ቤት ነው።"

ቼሮኖ ግብር ቢሮ ደወለች። ስም የሚሰጠው በደብዳቤ፣ ደብዳቤው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ እሱም ከሳምንት በኋላ ነው ተባለች። "ደግሞም" አለ በስልኩ የሰለቸ ድምፅ፣ "ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ረሳሽው እህቴ?"

*

ዋሩጉሩ ሚስማር እየመዘነች ተቀበለቻቸው። ስልሳ ሺህ ሲሏት ሚዛኑን ለቀቀችው።

"አዎ ተቀብያለሁ! ቧንቧ ለሚገዛ ሁሉ 'ዌኩሎን ጥራ' ስል የኖርሁት ለጽድቅ መስሏችሁ ነው? መልእክቱ የመጣልኝ ቀን ደውዬ ሰድቤዋለሁ። አያቱን ሁሉ አልማርሁለትም።"

"ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበርሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን፣ የመዝሙር ልምምድ። ሠላሳ ሴት አይቶኛል። ድምፄንም የማትወደውን የፓስተሩን ሚስት ጠይቁ፤ እሷ እንኳን ለእኔ ብላ አትዋሽም።"

የፓስተሩ ሚስት ተጠየቀች። "ነበረች" አለች፣ ጥርሷን እንዳመማት ሆና። "በደንብ ነው የተሰማችው።"

ቼሮኖ መኪናው ውስጥ ገብታ ተነፈሰች። "በሩ ታስሯል፣ ሚስማሯ ስትዘምር ነበር። ላይኛው ቀረ።"

"ላይኛው ሁልጊዜ ይቀራል፤" አለ ሙቲንዳ።

*

የሕንፃው አስተዳዳሪ አቶ ንዴግዋ ቢሮውን የሚያስቀና አድርጎ ይይዛል። መዝገቦቹ በቀለም ተለይተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥም እሱ ነው። የሕንፃው ባለቤት ኒየሪ የምትኖር አሮጊት ስትሆን፣ ተከራዩ በየወሩ ለጥገና የሚያዋጣው በእሱ እጅ ያልፋል። ሻይ በወተት ቀዳላቸው፤ ሙቲንዳ ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀበለ።

"ምስኪን ዌኩሎ፤" አለ ንዴግዋ። "ስድስት ዓመት ሥራ ሰጥቼዋለሁ።"

"ሻይ ሰጥቶዎት ያውቃል?"

"ለእኔ? እኔ ሥራ ሰጪ እንጂ ጠቋሚ አይደለሁም ኢንስፔክተር። አንድ ሳንቲም አልነካሁም።"

"የፓምፑ ክፍል ቁልፍዎስ?"

"ይኸው፣ መሳቢያዬ ውስጥ። እዚያ ሥር የምወርደው ለምን ብዬ ነው?" አንድ አረንጓዴ መዝገብ ከፈተ። "ያ ፓምፕ ያለፈው ሳምንት ተጠግኗል፤ ደረሰኙን ይዩት። ስድስተኛ ጊዜው ነው። እንደ አዲስ ይሠራ ነበር፤ ያ ቱርካና ነው ያቃጠለው።"

ሙቲንዳ ደረሰኙን አየ። ሠላሳ አምስት ሺህ፤ ከታች የዌኩሎና የንዴግዋ ፊርማ አለበት።

"ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ? ሁሉንም ስለምጠይቅ ነው።"

"የዜግነት ግዴታዬ ላይ፤" አለ ንዴግዋ ፈገግ ብሎ። ከኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የግብር ማሳወቂያ ደረሰኝ ነበር፤ በስሙ፣ ጁን ሃያ ዘጠኝ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ። "ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ኦቹካ ዘንድ ወረፋ ላይ ነበርሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ።"

*

ኦቹካ ኢንተርኔት ቤት በጁን ሠላሳ የአውቶቡስ መናኸሪያ ይመስላል። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ ማንዳዚ የሚባለውን ጥብስ ሊጥ የምትሸጠዋን አልፎ ይሄዳል። ኦቹካ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጣቶቹ ግን አይቆሙም። እግሩ ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አለ።

"አቶ ንዴግዋ ትናንት እዚህ ነበሩ?"

"ነበሩ።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ?"

"ደረሰኙ ካለ ነበሩ ማለት ነው። እኔ ዘንድ ባለቤቱ ሳይቀመጥ ግብር አይገባም ኢንስፔክተር። ሕግ ነው። የንግድ ፈቃዴን እወደዋለሁ።" ቀና አላለም።

"ዌኩሎስ?"

"ዘንድሮ አልመጣም።"

ወጡ። ቼሮኖ ሁለት ማንዳዚ ገዛች፤ ከመኪናው ጎን ቆመው በሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውንና የጨዉን ሽታ አንድ ላይ ያመጣል። ሙቲንዳ ለሠላሳ ሦስት ዓመት ይህን ነፋስ ሲውጠው ኖሯል። ነገ ጠዋት ኤካል በጭነት መኪና ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ሚስቱ ፍራሽ ጠቅልላ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ እውነቱ ቢገኝ እንኳ ክፍሉ የሌላ ሰው ነው።

"በፓምፑ ነገር እርግጠኛ ነኝ፤" አለ። "ያስነሣው ሰው የመፍቻውን ድምፅና የሰውየውን ጩኸት ሊሸፍን ነው። ቫልቩ መፈታቱን ግን አያውቅም። ተጠግኗል ብሎ ያምናል።"

"ወረቀቱን አይቶ፤" አለች ቼሮኖ።

"ወረቀቱን ራሱ ጽፎ። ግን በዚያ ሰዓት ወረፋ ላይ ነበር።"

የራሱ ሚስት ለእራት ምን ላድርግ ብላ ልካ እንደሆነ ለማየት ስልኩን አወጣ። የሚስቱ መልእክት አልነበረም። ጠዋት ኪሱ ውስጥ የተንዘፈዘፈው ነበር።

*ክቡር ሙቲንዳ፣ የዘመኑ የግብር ማሳወቂያዎ በጁን ሠላሳ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ደርሶናል። እናመሰግናለን።*

ሁለት ጊዜ አነበበው። ማንዳዚውን ለቼሮኖ አስያዛት።

"አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ የት ነበርሁ?"

"ምድር ቤት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክከው።"

"እንግዲያው ግብሬን ያሳወቀው ማነው?"

*

በዚህ ጊዜ ወረፋውን ጥሶ ገባ። ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዲት ሴት "ፖሊስ ስለሆነ ነው!" አለች። ስልኩን ኦቹካ ፊት አስቀመጠ።

"ኦቹካ፣ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እኔ የትኛው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጥሁት?"

የኦቹካ ጣቶች ቆሙ።

"ቅዳሜ ቁጥሬንና የሚስጥር ቃሌን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁህ። አንተም እዚያ ካርቶን ውስጥ ጣልኸው። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት፤ ከተማው ሁሉ እንደሚያደርገው። እኔ ራሴ ወረቀት ጥዬ ሄጄ፣ 'ባለቤቱ ሳይቀመጥ አይገባም' ስትለኝ ማመኔ ነው የሚገርመኝ። ንዴግዋ መጥቶ ነበር ወይስ ወረቀቱ?"

ኦቹካ በሩን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "አሥር ሰዓት ላይ መጡ። ወረቀቱን ጥለው ሊሄዱ ሲሉ... ኢሜይላቸውን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ፤ የግብር ቢሮ ደብዳቤ መጥቷል አልኋቸው። አንብብልኝ አሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኮሚሽን፣ ሃያ ሺህ ስድስት መቶ ተቀናሽ፣ ከፋይ ዌኩሎ። አተምሁላቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተው ዝም ብለው ወጡ። እሳቸው ከሄዱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የእሳቸውን ያስገባሁት፤ ደረሰኙን ዛሬ ጠዋት መጥተው ወሰዱ።"

"ዌኩሎ ቁጥራቸውን ከየት አገኘው?"

"ከ... ከእኔ። ለግብሩ ብሎ ሲለምነኝ። ምን ክፋት አለው አልሁ። የሁለት መቶ ሰው ምስጢር ይዤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር ኢንስፔክተር፤ ደክሞኝ ነበር።"

"እኛም ደክሞናል፤" አለ ሙቲንዳ። "ለምን ዋሸኸኝ?"

"አንዱን ሳላስቀምጥ አስገባሁ ካልሁ ሁሉንም አልሁ ማለት ነው። እርስዎንም ጭምር።"

*

ንዴግዋ አልሸሸም። ቢሮው ውስጥ መዝገቦቹን በቀለም እያስተካከለ አገኙት። ደብዳቤው በዚያው ኮት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከደረሰኙ ጋር አብሮ ታጥፏል። ሙቲንዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

"ተከራዮቹ ስድስት ጊዜ ፓምፕ አስጠግነዋል፤" አለ። "ስንቱ እውነት ነው?"

አስተዳዳሪው አረንጓዴውን መዝገብ ዘጋ።

"አንዱ፤" አለ ንዴግዋ በመጨረሻ። "የቀረውንና ሌላ ሌላውንም የጥገና ሒሳብ እየተካፈልን ነበር። እሱ ድርሻዬን ሻይ ነው የሚለው። ስድስት ዓመት አፉን ዘግቶ በልቶ አሁን ጻድቅ መሆን አማረው! ደውዬ ምድር ቤት ቀጠርሁት፤ ሰርዘው አልሁት፣ ለመንሁት። 'አይሰረዝም፣ አንዴ ሄዷል፣ የእርስዎን ግብርም ከፍዬልዎታለሁ' አለኝ። ውለታ የዋለልኝ መስሎት እኮ ነው! ፈገግ ብሎ ዕቃውን ሊያወጣ ዞረ።"

"ፓምፑንስ?"

"ድምፅ እንዲኖር ብዬ። የሚሠራ መስሎኝ ነበር።" ራሱን ነቀነቀ። "ተጠግኗል ብዬ ፈርሜያለሁ።"

ቼሮኖ ካቴናውን አወጣች። ሙቲንዳ ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ።

*

ኤካል ሲፈታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሚስቱ ጠቅልላው የነበረውን ፍራሽ መልሳ እየፈታች ነበር። እሱ ግን ወደ ክፍሉ አልገባም። ቫልቩ ያለበትን ጆንያ በብብቱ ይዞ ሙቲንዳ መኪና አጠገብ ቆመ።

"አለቃ፣ ዌኩሎ የከፈለልኝ ያ ዘጠኝ መቶ... ለማን ነው የምመልሰው?"

"ለሚስቱ። ና ግባ።"

ስለ ባሏ ግብር ሊጠይቁ ናሊያካን ከቤቷ ይዘው ኦቹካ ቤት ሲደርሱ ሰልፉ ቀጥኗል። ኦቹካ ማንም ሳያዘው ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ። የዌኩሎ ማሳወቂያ ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር፤ ገቢው፣ የቧንቧው ዋጋ፣ የመኪና ኪራዩ፣ ከዚያም ለጠቋሚዎች የተከፈለ፣ አራት መቶ ዘጠና ሺህ። ሦስት ስም፣ ሦስት ቁጥር።

"ዛሬ ጠዋት መጥቼ እልከዋለሁ ብሎኝ ነበር፤" አለ ኦቹካ። "ዛሬ ካልሄደ ቅጣት አለው። ሻዩም ወጪ መሆኑ ይቀርና በሙሉው ላይ ይጫናል። ዕዳው ደግሞ ለእርስዎ ነው የሚመጣው እትዬ።"

"ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ የሰው ገንዘብ አለበት፤" አለች ናሊያካ ቀስ ብላ። ነገሩን መንገድ ላይ ሰምታለች። "የተከራዮቹ።"

"አለበት፤" አለ ሙቲንዳ። "እሱን ተከራዮቹ ይጠይቁሻል፤ እኔም ደብተሩን አልደብቅም። ግን የሚጠይቁሽ የጻፈውን አይተው ነው። ከሁላቸውም የጻፈ እሱ ብቻ ነው።"

ሴትዮዋ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየችው። የባሏን ስም በጣቷ ነካችው።

"የሞተ ሰው ማሳወቅ ይችላል?"

ቼሮኖ ወደ ሙቲንዳ ዞረች። ኦቹካም ዞረ። ኤካል ጆንያውን እንዳቀፈ ጣሪያውን ያይ ነበር። ሙቲንዳ ሕጉን አያውቀውም ነበር፤ ዛሬ ለማወቅም አቅም አልነበረውም።

"እኔ ጠዋት ሬሳ አጠገብ ተንበርክኬ አሳውቄአለሁ፤" አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከኋላው የኮምፒውተሩ ማውስ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ናሊያካ ቦርሳ ውስጥ፣ ከፖሊስ በተመለሰላት ዕቃ መካከል፣ የዌኩሎ ስልክ ተንዘፈዘፈ። አወጣችው፤ እንባ ጋርዷት ማንበብ ስላቃታት ኤካል ፊት አደረገችው፤ እሱም ፊደል ስለማይቆጥር ለቼሮኖ አሳለፈላት።

"ክቡር ዌኩሎ፣" አነበበች ቼሮኖ፣ "የዘመኑ የግብር ማሳወቂያዎ በጁን ሠላሳ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ደርሶናል። እናመሰግናለን።"